የአንጀት በር ጠባቂዎች

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የአዲስ አበባ ሱቆች መደርደሪያ በዘይት ይሞላል። ባለ አምስት ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ከታች፣ ባለ አንድ ሊትሩ ጠርሙስ ከላይ ይደረደራል። የፓልሙም የሱፉም ዘይት ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይቆማል፦ «ከኮሌስትሮል ነፃ»። በቀይ የልብ ሥዕል የታጀበም አለ። ገዢው ያነባል፣ ልቡ ያርፋል፣ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ይሄዳል።

ጽሑፉ ውሸት የለበትም፤ ለገዢው የሚነግረው ነገር ግን እጅግ ጥቂት ነው። ኮሌስትሮል የእንስሳት ሰውነት የሚሠራው ቁስ ነው። ከኑግ፣ ከሰሊጥ፣ ከሱፍ ወይም ከፓልም ፍሬ በተጨመቀ ዘይት ውስጥ ቢገኝ እንኳ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ለሁሉም ዘይት እኩል የሚሠራ ጽሑፍ ደግሞ አንዱን ከሌላው ለመምረጥ አይረዳም። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ የሚረጋው የስብ ዓይነት ነው። ይህ ስብ ራሱ ኮሌስትሮል ባይሆንም፣ ጉበት ኮሌስትሮልን ከደም የሚለቅምበትን አቅም ያዳክማል። ስለዚህ አንድ ጠብታ ኮሌስትሮል የሌለበት ዘይት የደምን ኮሌስትሮል ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ጽሑፉ የማያነሳው ሌላም ነገር አለ። ዕፅዋት ኮሌስትሮል ባይኖራቸውም የኮሌስትሮል ዘመዶች አሏቸው። የዕፅዋት ስቴሮሎች ይባላሉ፤ ዋነኞቹም ሲቶስቴሮል፣ ካምፔስቴሮልና ስቲግማስቴሮል ናቸው። በኑግ ዘይት፣ በሰሊጥ፣ በለውዝ፣ በአቮካዶ፣ በእህሉ ሁሉ ይገኛሉ። ኮሌስትሮል 27 የካርቦን አቶሞች አሉት፤ ሲቶስቴሮል 29። ልዩነታቸው ይኸው ብቻ ነው፤ ጅራቱ ላይ የበቀለች ባለ ሁለት ካርቦን ቅርንጫፍ። የቀረው አካላቸው እንደ መንታ ልጆች አንድ ነው።

አንድ ሰው በቀን ከሚበላው ምግብ ከሁለቱም ተቀራራቢ መጠን ያገኛል፤ ሁለቱም በጥቂት መቶ ሚሊግራም የሚቆጠሩ ናቸው። ሰውነት ግን ከኮሌስትሮሉ ግማሽ ያህሉን ሲያስገባ፣ ከሲቶስቴሮሉ ከመቶ አምስት እጁን እንኳ አያስገባም። ያቺን ቅርንጫፍ ማን አያት? መልሱ እስኪገኝ ሠላሳ ዓመት ገደማ የወሰደ ጥያቄ ነው፤ ፍለጋው የጀመረውም ከሁለት እኅትማማቾች ነበር።

በ1974 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባታቻርያና ኮነር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካ የእነዚህን እኅትማማቾች ጉዳይ አሳተሙ። ሴቶቹ ጅማታቸው ላይ ስብ የቋጠሩ ጠንካራ እብጠቶች ነበሩባቸው። እንዲህ ያለው እብጠት ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከተረከዝ በላይ ባለው ወፍራም ጅማትና በእጅ ጀርባ ላይ ነው፤ በጣት ሲነካ ከቆዳው በታች እንደ ባቄላ ፍሬ ይቆረቁራል። ሐኪም ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው በዘር የሚመጣ የኮሌስትሮል ብዛትን ነው። የእኅትማማቾቹ ኮሌስትሮል ግን ተለክቶ ጤናማ ከሚባለው አላለፈም። ተመራማሪዎቹ በደማቸው ያለውን ስብ አንድ በአንድ ለያይተው ሲያዩት፣ በሰው ደም ውስጥ በዚያ መጠን ይኖራል ተብሎ የማይታሰብ ነገር አገኙ፤ የዕፅዋት ስቴሮል። የሴቶቹ አንጀት ከሚበሉት ሲቶስቴሮል ሩብ ያህሉን ያስገባ ነበር።

ሕመሙ ሲቶስቴሮሌሚያ ተባለ። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ዘረ መል ሲወረስ ብቻ የሚመጣ፣ በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ የሚታይ በሽታ ነው። በደም ውስጥ ያለው የዕፅዋት ስቴሮል ከጤነኛው ሰው በአሥር እጥፎች ይበዛል። ቀይ የደም ሕዋሳት ቅርጻቸው ይዛባና ቶሎ ይፈርሳሉ፤ ደምን የሚያረጉት ፕላትሌቶች ያለ ልክ ይተልቃሉ። አንዳንዱ ታማሚ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ለደም ማነስ ነው። የልብ ደም ሥሮቻቸው በልጅነታቸው የጠበቡም አሉ።

ታማሚዎቹ አዲስ ዓይነት ስብ የበሉ ሰዎች አይደሉም፤ ሌላው የሚበላውን ነው የበሉት። የጎደላቸው ሌላው ሰው ሁሉ ያለው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ማንም ያላወቀው ጠባቂ ነው።

ጠባቂው ማን እንደሆነ የታወቀው በ2000 ነው። በቴክሳስ ግዛት፣ ዳላስ በሚገኘው የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ሔለን ሆብስና ባልደረቦቿ ሁለት ዘረ መሎችን ለዩ፤ ኤቢሲጂ5 እና ኤቢሲጂ8። በሁለተኛው ክሮሞሶም ላይ ጎን ለጎን ተጣብቀው የሚገኙ ናቸው፤ የሚሠሯቸው ሁለት ፕሮቲኖችም ተጣምረው አንድ ፓምፕ ይሆናሉ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢበላሽ ፓምፑ አይሠራም። የእኅትማማቾቹን ዓይነት ሕመም ያመጣውም ይኸው ነው።

ይህ ፓምፕ የሚሠራውን ለመረዳት በፋሲካ ሌሊት ከዶሮ ወጡ የወጣችን አንዲት እንቁላል መከተል ነገሩን ያቀላል። አስኳሏ 200 ሚሊግራም የሚጠጋ ኮሌስትሮል ይዟል። ከሃምሳ አምስት ቀን ጾም በኋላ ወደ አንጀት የገባ የመጀመሪያው ኮሌስትሮል ይመስላል፤ ግን አይደለም። ጉበት በየቀኑ አንድ ግራም ገደማ ኮሌስትሮል ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ያፈሳል፤ ይህን ጾም ገባ ብሎ አያቋርጥም። ስለዚህ አንጀት በየቀኑ የሚያስተናግደው ኮሌስትሮል አብዛኛው የመጣው ከሳህን ሳይሆን ከራሱ ከሰውየው ጉበት ነው።

ኮሌስትሮል ውኃ ውስጥ አይሟሟም። የሐሞት ጨው ከሌላው ስብ ጋር አዋሕዶ ጥቃቅን ጠብታዎች ያደርገዋል። ወጡ የተሠራበት ዘይት ሲቶስቴሮልም በዚያው ጠብታ ውስጥ አብሮ ይሳፈራል። ጠብታው የቀጭኑ አንጀት ግድግዳ ጋ ሲደርስ ኤንፒሲ1ኤል1 የተባለ ፕሮቲን ይቀበለዋል። ይህ የመግቢያው በረኛ ነው፤ ያን ያህል መራጭም አይደለም፤ ኮሌስትሮሉንም ሲቶስቴሮሉንም ያስገባል። ምርጫው ያለው ከበሩ ወዲህ ነው። ሕዋሱ ውስጥ አንድ ኢንዛይም ኮሌስትሮሉን ይቀበልና የስብ ጅራት ያያይዝበታል፤ ከዚያ በኋላ ኮሌስትሮሉ ለጉዞ የታሸገ ዕቃ ነው። ያው ኢንዛይም ሲቶስቴሮል ሲደርሰው ያቺ ባለ ሁለት ካርቦን ቅርንጫፍ ታስቸግረዋለች፤ ማሸግ ያዳግተዋል። ሳይታሸግ የቀረውን ኤቢሲጂ5 እና ኤቢሲጂ8 ይዘው ወደመጣበት አንጀት መልሰው ይጥሉታል። ካልታሸገው ኮሌስትሮልም ጥቂት የማይባለው በዚያው ይወጣል።

የመግቢያው በረኛ የተገኘበት መንገድ የሚገርም ነው። ሼሪንግ ፕላው የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ ኬሚስቶች በ1990ዎቹ ይፈልጉ የነበረው ያንን ጅራት አያያዥ ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት ነበር። ከሠሯቸው ውሁዶች አንዱ ኢንዛይሙን በደንብ ማገድ አቃተው፤ በሙከራ እንስሳት ደም ውስጥ ያለውን ኮሌስትሮል ግን በጣም ቀነሰ። ለምን እንደቀነሰ አላወቁም። ፈለጉን ተከትለው ኤዜቲማይብ የተባለውን መድኃኒት ሠሩ፤ በ2002 አሜሪካ ፈቀደችው፤ ሐኪሞችም ማዘዝ ጀመሩ። መድኃኒቱ የሚዘጋው በር ኤንፒሲ1ኤል1 መሆኑ የታወቀው ከዚያ በኋላ፣ በ2004 ነው። ቁልፉ ተሠርቶ ሰዎች ኪስ ከገባ በኋላ በሩ ተገኘ። በዚህ በር የሚገቡት ሁለቱም ስቴሮሎች ስለሆኑ ኤዜቲማይብ የሲቶስቴሮሌሚያ ታማሚዎችን ከሁሉ በላይ የሚረዳ መድኃኒት ሆነ።

የበሩ ጥበቃ ከሰው ሰው ይለያያል። በ1991 ፍሬድ ከርን የተባሉ የኮሎራዶ ሐኪም በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ አንድ የ88 ዓመት አዛውንት ጻፉ። አዛውንቱ በቀን 25 ያህል እንቁላል ይበሉ ነበር፤ ለአንድና ለሁለት ዓመት ሳይሆን ቢያንስ ለአሥራ አምስት ዓመት። ከእንቁላሉ ብቻ በቀን አምስት ግራም የሚደርስ ኮሌስትሮል ማለት ነው። የደማቸው ኮሌስትሮል ግን ጤናማ ነበር። ሲመረመሩ አንጀታቸው የሚያስገባው ከሚበሉት ኮሌስትሮል 18 በመቶውን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጉበታቸውም ትርፉን ወደ ሐሞት አሲድ እየለወጠ በብዛት ያስወግድ ነበር። ይህ ሁሉም ሰው እንዳሻው እንቁላል ይብላ ማለት አይደለም፤ ሌላው ሰው ያንን ያህል ቢበላ ሰውነቱ እንደ አዛውንቱ ላይቋቋመው ይችላል። የሚያሳየው የሰውነት የገቢና የወጪ መዝገብ ምን ያህል ሊጠብ፣ ምን ያህልም ሊሰፋ እንደሚችል ነው።

ወደ እንቁላሏ እንመለስ። የታሸገው ኮሌስትሮል ከቅቤውና ከዘይቱ ስብ ጋር ተጭኖ ካይሎማይክሮን በሚባል ትልቅ እንክብል ይጓዛል። የሚሄደውም በደም ሥር አይደለም፤ መጀመሪያ በሊምፍ መስመር ደረትን ዘልቆ፣ ከግራ ትከሻ አጠገብ ካለ ደም መላሽ ሥር ጋር ይገናኛል። ቅባት የበዛበት ምግብ ከበላ ሁለት ሦስት ሰዓት የሆነውን ሰው ደም ቀድቶ ብልቃጡን ያሽከረከረ የላቦራቶሪ ባለሙያ ይህን በዓይኑ ያያል። ከላይ ጠርቶ መቅረት የነበረበት ቢጫ ፈሳሽ ውኃ የተቀላቀለበት ወተት ይመስላል። ከምርመራ በፊት «ቁርስ ሳይበሉ ይምጡ» የሚባለው አንድም ለዚህ ነው። ጡንቻና የስብ ሕዋስ ከእንክብሉ ስቡን እያራገፉ ይወስዳሉ፤ ኮሌስትሮሉን የያዘውን ቀሪ ጉበት ይቀበለዋል።

ጉበት ደግሞ በተራው የራሱን ጭነት ይልካል። የሚልከው እንክብል ስቡን በየመንገዱ ሲያራግፍ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ኤልዲኤል ይሆናል። በምርመራ ወረቀት ላይ «መጥፎው» የሚባለው ይህ ነው። ስሙ ግን ያለአግባብ ጠፍቷል። ኤልዲኤል አንድ ትልቅ ፕሮቲን የተጠመጠመበት፣ ከሺህ በላይ የኮሌስትሮል ሞለኪውሎች የያዘ ጭነት ነው፤ መርዝ አይደለም። ኮሌስትሮል የሌለው የሕዋስ ሽፋን አይጸናም። ኮርቲሶል፣ ኤስትሮጅንና ቴስቶስትሮን የሚሠሩት ከኮሌስትሮል ነው፤ ቆዳ በፀሐይ ቫይታሚን ዲ የሚሠራውም ከኮሌስትሮል የቅርብ ዘመድ ነው። ከሰውነት ክብደት ሁለት በመቶ የሚሆነው አንጎል ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ሩብ ያህሉን ይዟል፤ ከደም ሳይቀበል ራሱ ይሠራዋል። ችግር የሚመጣው ጭነቱ ተረካቢ አጥቶ በደም ውስጥ ሲንከራተትና ወደ ደም ሥር ግድግዳ ሲሰርግ ነው።

ተረካቢውን ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው፤ እነሱም በዚያው በዳላስ ዩኒቨርሲቲ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ኮሌስትሮላቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ታማሚዎችን የቆዳ ሕዋስ በብልቃጥ አራብተው ከጤነኛ ሰው ሕዋስ ጋር አነጻጸሩ። የጤነኛው ሕዋስ ኤልዲኤልን ከውጭ ያዝ አድርጎ ወደ ውስጥ ይጎትታል፤ የታማሚዎቹ ሕዋስ ከአጠገቡ እያለፈ እንኳ አይነካውም። ከሕዋሱ ላይ የጠፋው ተቀባይ ፕሮቲን ነበር። ይህ ተቀባይ ጭነቱን ወደ ውስጥ አስረክቦ ተመልሶ ለመውጣት አሥር ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል፤ በአንድ ቀን ዕድሜውም ከመቶ ጊዜ በላይ ይመላለሳል። ሁለቱ ሰዎች በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1984፣ አንዲት የስድስት ዓመት የቴክሳስ ልጅ በፒትስበርግ ልብና ጉበት በአንድ ጊዜ ተቀየረላት። ከሁለቱም ወላጆቿ የተበላሸውን የተቀባይ ዘረ መል ወርሳ ነበር፤ ኮሌስትሮሏ በዴሲሊትር ደም 1000 ሚሊግራም አካባቢ ደርሶ ልቧን ጎድቶታል። ልቡ ለምን እንደተቀየረ ግልጽ ነው። ጉበቱ የተቀየረው ግን ታሞ አልነበረም፤ ኤልዲኤልን የሚለቅም ተቀባይ ስለሌለው ነበር። ተቀባይ ያለው ጉበት እንደገባላት ኮሌስትሮሏ እያሽቆለቆለ ሄደ። የደምን ኮሌስትሮል የሚወስነው ማን እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ያሳየ ቀዶ ሕክምና የለም። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖራለች።

አንድ ወላጅ ብቻ የተበላሸ ዘረ መል ያወረሰው ሰው ግን ብርቅ አይደለም፤ ከ250 እስከ 300 ሰዎች መሐል አንድ እንደሚገኝ ይገመታል። አብዛኛው ሳያውቀው ይኖራል፤ በአርባዎቹ ዕድሜ አንድ ቀን ደረቱን ይዞ እስኪቀመጥ ድረስ።

ሕዋስ ደግሞ ተቀባዩን ዝም ብሎ አያበዛም፤ እንደ ጎደለው መጠን ነው። የውስጥ ኮሌስትሮሉ ሲያንስ አንድ ፕሮቲን ተቆርጦ ወደ ሕዋሱ አስኳል ይገባና ሁለት ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ «ኮሌስትሮል ሥሩ፣ ተቀባይ አብዙ»። ሲበዛ ያ ፕሮቲን ሳይቆረጥ ታስሮ ይቀመጣል። በጾም ወራት ከምግብ የሚመጣው ኮሌስትሮል ዜሮ ሲሆን የደም ኮሌስትሮል ዜሮ የማይሆነው በዚህ ነው፤ ሰውነት ለራሱ የሚሠራው በቀን አንድ ግራም ያህል ይደርሳል።

ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች የሚነኩት ይህንኑ ሥርዓት ነው። ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ በ1971 ከስድስት ሺህ በላይ የፈንገስ ዝርያዎችን መፈተሽ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነበር። ፈንገስም የራሱ ስቴሮል አለው፤ ከሌላው ጋር ሲሻማ የሌላውን ስቴሮል ማምረቻ የሚዘጋ ቁስ የሚያመነጭ ፈንገስ ሊኖር ይችላል። በ1973 ከኪዮቶ በመጣ ሩዝ ላይ የበቀለ ሰማያዊ አረንጓዴ ሻጋታ የፈለገውን ሰጠው። ከስታቲኖች የመጀመሪያው፣ ሎቫስታቲን፣ በ1987 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ስታቲን በጉበት ውስጥ የኮሌስትሮልን ሥራ ሲያዘገይ ሕዋሱ የጎደለው ይመስለዋል፤ ተቀባዩን ያበዛል፤ ተቀባዩም ኤልዲኤሉን ከደም ይለቅማል። ብዙ ሰው መድኃኒቱ ኮሌስትሮልን «ያቀልጠዋል» ይላል፤ እንዲያ አይደለም። ጉበት ደጁን ወጥቶ እንዲሰበስብ ነው የሚያስገድደው።

አፍሪካዊ ደም ያላቸው ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው። በ2003 ከኮሌስትሮላቸው ብዛት የተነሣ የተጠኑ የፈረንሳይ ቤተሰቦች ፒሲኤስኬ9 ወደተባለ ፕሮቲን መሩ። ይህ ፕሮቲን ተቀባዩ ላይ ይጣበቅና ወደ ላይ እንዳይመለስ ያስቀረዋል፤ እዚያው ይፈርሳል። ሆብስና ባልደረባዋ ጆናታን ኮኸን ከዚያ ተቃራኒውን ጠየቁ፤ ይህ ፕሮቲን የጎደለው ሰውስ? ያገኙት ከጥቁር አሜሪካውያን መሐል ነው። በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከዘረ መሉ አንዱ ቅጂ የተበላሸባቸው ጥቁር አሜሪካውያን ኤልዲኤላቸው በ28 በመቶ ዝቅ ያለ፣ በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላቸውም በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ሳይወስዱ፣ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ። ከአንድ ዓመት በኋላ ደግሞ በዚምባብዌ የቅድመ ወሊድ ክትትል ከሚያደርጉ ሴቶች መሐል ሁለቱም ቅጂዎች የተበላሹባት አንዲት ወጣት እናት ተገኘች። ኤልዲኤሏ 15 ገደማ ነበር፤ ለብዙ አዋቂ ከ100 በታች ሲሆን ጥሩ በሚባልበት ዓለም። ፒሲኤስኬ9ን የሚይዙ መርፌዎች በ2015 ገበያ ላይ ዋሉ፤ ዋጋቸው ግን ዛሬም ለአብዛኛው አፍሪካዊ የማይቀመስ ነው፤ ለዕውቀቱ ድርሻ ያበረከተችው አህጉር በመድኃኒቱ ገና በሰፊው አልተጠቀመችም።

ሰውነት ኮሌስትሮልን ማቃጠል አይችልም። እንደ ስኳር ወይም እንደ ስብ ጉልበት አድርጎ አይጨርሰውም፤ ማስወጣት ብቻ ነው የሚችለው፤ መውጫውም ሐሞት ነው። ኤችዲኤል የሚባለው እንክብል ከየሕዋሱ ትርፍ ኮሌስትሮል እየሰበሰበ ወደ ጉበት ይመልሳል። በጉበት ውስጥ የሐሞት ቧንቧ ጫፍ ላይ ደግሞ የታወቁት ጥንዶች አሉ፤ ኤቢሲጂ5 እና ኤቢሲጂ8። አንጀት ላይ እንደሚያደርጉት እዚህም ስቴሮልን ወደ ውጭ ይገፋሉ። ብርቱ ሲሆኑም ዋጋ ያስከፍላሉ። በ2007 አንድ የኤቢሲጂ8 ዝርያ ያላቸው ሰዎች የሐሞት ጠጠር በብዛት እንደሚይዛቸው ታወቀ፤ ፓምፑ ኮሌስትሮሉን ከሐሞቱ አቅም በላይ ስለሚያፈስ ይረጋል፣ ይጠጥራል። ኮሌስትሮል ስሙን ያገኘውም ከዚያ ነው። በ18ኛው ምዕተ ዓመት በፈረንሳይ መጀመሪያ የተለየው ከሐሞት ጠጠር ስለነበር፣ በኋላ ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭሩል የሐሞትንና የጠጣርን የግሪክ ቃል አጋጥሞ ስም አወጣለት።

የዕፅዋት ስቴሮል ለጤነኛ ሰው ጥቅም አለው። አንጀት ውስጥ ከኮሌስትሮል ጋር በዚያው ጠብታ ላይ ቦታ ይሻማል፤ ቦታ ያጣው ኮሌስትሮል ሳይገባ ያልፋል። ፊንላንዳውያን ይህን ወደ ገበያ አወጡት። ከጥድ እንጨት የወረቀት ፋብሪካ ተረፈ ምርት የወጣ ስቴሮል ተለውጦ በማርጋሪን ውስጥ ተጨመረ። ታቱ ሚየቲነንና ባልደረቦቹ በ1995 ባሳተሙት ሙከራ 153 ሰዎች ተሳትፈዋል፤ ማርጋሪኑን ለአንድ ዓመት የበሉት ኮሌስትሮላቸው በ10 በመቶ ገደማ ወረደ። በቀን ሁለት ግራም ያህል ይበቃል፤ ይህ ከተራ ምግብ ከሚገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ማርጋሪኑ ድንገተኛ የልብ ሕመምን እንደሚቀንስ ያረጋገጠ ትልቅ ሙከራ ግን የለም። ደም ውስጥ የሚገባው የዕፅዋት ስቴሮል ጥቂትም ቢሆን ይጎዳ እንደሆነ ሊቃውንቱ አሁንም ይከራከራሉ። በጾም ሰሞን ሰሊጥና ኑግ የሚያዘወትር ጤነኛ ሰው የሚያሳስበው ነገር የለም፤ በሩ ይጠብቀዋል።

ጠባቂው የሌላቸው ልጆች ጉዳይ ነው የሚያስፈራው። በየክሊኒኩ የሚሠራው የኮሌስትሮል ምርመራ ኮሌስትሮልን ከዕፅዋት ስቴሮል አይለይም፤ ምርመራው የሚሠራበት ኢንዛይም ሁለቱንም በአንድ ዓይን ያያል፤ ሁለቱንም ደምሮ «ቶታል ኮሌስትሮል» ብሎ ይጽፋል። ለመለየት ጋዝ ክሮማቶግራፊ የሚባል መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በሁሉም ዘንድ የሚገኝ አይደለም። ክርኑና ተረከዙ ላይ እብጠት የወጣበት ልጅ ይመጣል፤ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በዘር የመጣ የኮሌስትሮል ብዛት ነው ይባላል። ስታቲን ይታዘዛል፤ ብዙም አይረዳም። እናት ቅቤውን፣ እንቁላሉንና ሥጋውን ታስቀራለች፤ በቦታው የዘይት ምግብ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥና አቮካዶ ታበዛለች። እብጠቱ ይብሳል።

ለዚህ ልጅ ምክሩ ይገለበጣል። ከገበታው ቀድመው መነሣት ያለባቸው ዘይቱ፣ ሰሊጡ፣ ለውዙ፣ አቮካዶውና ቸኮላታው ናቸው፤ ስቴሮል የተጨመረበት ማርጋሪን ደግሞ ፈጽሞ አይፈቀድም። ከዚህ ጋር በየቀኑ አንዲት የኤዜቲማይብ ክኒን ትሰጠዋለች። በሽታው በጊዜ ከተለየ በወራት ውስጥ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ከተረከዙ በላይ እንደ ባቄላ ይቆረቁር የነበረው እብጠትም ቀስ እያለ ይሟሽሻል።